ክረምቱን ያላለፉት፦ የአንባቢያን ጥያቄ ስለ ውሃ ቋጣሪ ተክሎች

ክረምት ሲወጣ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ኀዘን ይዘው ይመጣሉ። «ግንቦት ላይ እንዴት አምረው ነበር! ጳጉሜን ላይ ግን አንድም አልተረፈኝ» ይላሉ። ዘንድሮ በተለምዶ ሳኩለንት ስለምንላቸው ውሃ ቋጣሪ ተክሎች፣ በተለይም በአንድ ዕቃ ውስጥ አሰባጥሮ ስለ መትከል የተላኩት ጥያቄዎች ስለ በዙ ይህን ዕትም ለእነሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬአለሁ፤ እነዚህን ተክሎች ግን ከመጽሐፍ አስቀድሞ ያወቅኋቸው በእናቴ ደጅ ነው። መንዝ፣ ከቤታችን በር በስተቀኝ፣ በተሰበረ ገንቦ ግማሽ ውስጥ አንድ እሬት ነበረ። ታናሽ ወንድሜ ጡት የተወው በዚያ እሬት ምሬት ነው። ያን ተክል አንድም ቀን ውሃ ሲያጠጡት አይቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሰኔ ላይ አንድ ሰፊ የመስታወት ሳህን ገዝቼ ሰባት ዓይነት ሳኩለንት ተከልሁበት። ከታች ጠጠር አንጥፌ፣ በላዩ ጥቁር አፈር ሞልቼ፣ ዳር ዳሩን በነጭ ድንጋይ አስጊጬው ነበር። እንዳይደርቁብኝ በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጣቸዋለሁ። አሁን የአምስቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ውስጡ ያሳያል፤ ሲነኩት ይረግፋል። ማዳበሪያ ልጨምርላቸው? (ከሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ)

መልስ፦ ማዳበሪያው ይቅር፤ ውሃውንም ዛሬውኑ ያቁሙ። ተክሎችዎ ሰምጠዋል። የተጠማ ቅጠልና ውሃ የበዛበት ቅጠል በጣት ይለያሉ። የተጠማው ይጨማደዳል፣ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን ግንዱን አይለቅም። ውሃ የበዛበት ያብጣል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ እጅ ገና ሲያርፍበት ይወድቃል።

እነዚህን ተክሎች ያሳደጋቸው ደረቅ አገር ነው። ሌላው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ አየር ሲያስገባ፣ እነሱ ፀሐይ ውሃቸውን እንዳትወስድባቸው ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። ያገኙትን ጠብታ ሁሉ በቅጠላቸውና በግንዳቸው ያኖራሉ። እንግዲህ ጎተራው ሞልቶ ሳለ አፈሩ ሁልጊዜ ከረጠበ ሥሩ አየር ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ይሞታል፤ በሞተው ሥር ሻጋታ ይገባና ወደ ግንዱ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ለቀናት ስለማትወጣ፣ በበጋ በጥቂት ቀን የሚደርቅ ዕቃ ያን ጊዜ ሳምንታት ረጥቦ ይከርማል። በየሁለት ቀኑ የጨመሩት ውሃ አንዱ በሌላው ላይ ሲጠራቀም የቆየ ነው።

ስለ ጠጠሩ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። «ከታች ጠጠር ከተነጠፈ ዕቃው ቀዳዳ ባይኖረውም ግድ የለም» የሚለው ምክር ብዙ ተክል ጨርሷል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠጥቶ ጠጥቶ መያዝ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል። በ1998 ዓ.ም. አንዲት ጓደኛዬ ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ የሚደራረብ፣ ኤቼቬሪያ የሚባሉ አራት ሳኩለንቶች የተተከሉበት የመስታወት ዕቃ በስጦታ አምጥታልኝ ነበር። ልክ እንደ እርስዎ በፍቅር አጠጣኋቸው። መስከረም ላይ ስገለብጠው ሥር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የበሰበሰ ጎመን ሽታ ያለው ጥቁር ጭቃ ብቻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ምንም ተክዬ አላውቅም። ሳህኑን ከወደዱት ቀዳዳ ያለው ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጡ ያስቀምጡበት፤ ውሃ ሲያጠጡ አውጥተው፣ አንጠፍጥፈው ይመልሱት።

አሁን የሚተርፈውን እናትርፍ። ሳህኑን ጋዜጣ ላይ ገልብጠው ተክሎቹን አንድ በአንድ ይለዩ። ቢላዋ በአልኮል ይጥረጉና የበሰበሰውን ግንድ ይቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት ልብ ብለው ይመልከቱት። ዙሪያው ንጹሕ ሆኖ መሐሉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ቡናማ ነጥብ ከቀረች በሽታው ገና አለ፤ ቢላዋውን እንደገና ጠርገው ትንሽ ከፍ ብለው ይድገሙት። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠራ ጫፉን ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለአንድ ሳምንት ያስተኙት። ቁስሉ ቅርፊት ይይዛል። ከዚያ በደረቅ አፈር ላይ ያቁሙት፤ የመጀመሪያውን ውሃ ከአሥር ቀን በኋላ ይስጡት። ሁለቱ ጤነኞችም ቢሆኑ ከዚያ አፈር ይውጡ።

ወደፊት ቀን አይቁጠሩ። ረጅም ደረቅ ስንጥር እስከ ዕቃው ታች ይስደዱና ጥቂት ቆይተው ይሳቡት። አፈር ከያዘ ወይም ጉንጭዎ ላይ ሲያስነኩት ከቀዘቀዘ ውሃ አይስጡ። በእኔ በረንዳ በበጋ በአሥር፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይደርሳቸዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ወሩ ያለ ውሃ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ለሳኩለንት ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው አፈር ዋጋው አልቀመስ ብሎኛል። በቤት ማዘጋጀት ይቻላል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እርስዎማ ሀብቱ ደጅዎ ነው! በዙሪያዎ ያሉት ኮረብቶች የእሳተ ገሞራ ናቸው፤ ለመንገድና ለግንባታ የሚቆፈረው ቀይ አሽ እነዚህ ተክሎች የሚመኙት ነገር ነው። እያንዳንዱ ጠጠር ውስጡ ባለ ቀዳዳ ስለ ሆነ ጥቂት እርጥበት ይይዛል፤ በጠጠርና በጠጠር መካከል ደግሞ አየር ይመላለሳል።

ከሕንፃ ሥራ ቦታ አስፈቅደው ግማሽ ማዳበሪያ ከረጢት ያምጡ። ሁለት ጊዜ ይነፋል፦ በሰፊ ወንፊት ትልልቁን ይለያሉ፣ በጠባቡ ዱቄቱን ያወርዳሉ። የሚፈልጉት ከምስር የማያንስ፣ ከሽምብራ የማይበልጥ ነው። የቀረውን አቧራ በውሃ ያጥቡት። ከዚያ ሁለት ጣሳ ቀይ አሽ፣ አንድ ጣሳ የጓሮ አፈር፣ ግማሽ ጣሳ በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ አይግባ፤ ሥሩን ያቃጥላል። ለልስን የሚያገለግለው ደቃቅ አሸዋም አይሁን፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የጓሮዎ አፈር ዋልካ ከሆነ ከሌላ ሰፈር ቀይ አፈር ይፈልጉ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል።

መልካም መሆኑን በእጅዎ ይፈትኑት። ጥቂት አርጥበው ጨብጠው ይልቀቁት። እንደ ጭብጦ ተድቦልቡሎ ከቀረ ቀይ አሽ ይጨምሩ፤ መዳፍዎ ላይ ከተበተነ ደርሷል።

ጥያቄ፦ እኅቴ ጥር ላይ ትዳር ትይዛለች። ለእንግዶች ጠረጴዛ የሚሆኑ ሳኩለንቶችን በተሰነጠቁ ጀበናዎች ላዘጋጅላት አስቤአለሁ። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ነው። ምን ከምን ጋር ልትከል? ጀበናው ሲበሳ አይሰበርም? ከቤተ ክርስቲያን አጥር የቆረጥሁትን ቁልቋልና ቅንጭብ ላስገባበት ወይ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ልጄ፣ ለእኅትህ ያሰብኸው ነገር ደስ አሰኝቶኛል። ጥር ሩቅ አይምሰልህ፤ ተክሎቹ ሥር ሰድደው ቀና እንዲሉ ሁለት ወር ይፈልጋሉና በዚህ ወር ጀምር።

ጀበናውን በጎኑ አስተኛው። ተክሉ በአንገቱ አይገባም፤ የሚተከለው ሆዱ ላይ በሚከፈተው አፍ ነው። በመጀመሪያ ጥላሸቱንና የቡናውን ቅባት እጠበው፤ ከዚያ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። ደረቅ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ የጠጣ ሸክላ ለመሰርሰሪያ ይገዛል። በእርጥብ አሸዋ ላይ ደግፈህ አስቀምጠው፤ የምትበሳው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፍ፤ በኮንክሪት መብሻ ጫፍ፣ የመሰርሰሪያውን መምቻ አጥፍተህ፣ በቀስታ ብሳ። መሬት በሚነካው ጎን ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ለውሃ መውጫ ይሁን። በላይኛው ጎን የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክብ ስትፈልግ ዙሪያውን ቀዳዳ በቀዳዳ አያይዘህ ዞረህ፣ መሐሉን በጣትህ ግፋው። ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው። ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ሦስቱ ቢሰበሩብህ አትዘን፤ ትርፍ ጀበና ያዝ።

አብረው የሚተከሉት አንድ ዓይነት ጠጪዎች ይሁኑ፤ እኔ ከመልክ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ። ኤቼቬሪያ፣ ሴደም፣ ግራፕቶፔታለም ብዙ ፀሐይ የሚወዱ፣ ቶሎ መድረቅ የሚፈልጉ ናቸው፤ አንድ ላይ ይስማማሉ። ሐዎርዚያና ጋስቴሪያ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ብቻ አግኝተው ከዚያ ጥላ ቢያርፍባቸው ይመርጣሉ፤ እነሱን ለብቻቸው በሌላ ጀበና። ለአንድ ጀበና ሦስት ተክል ይበቃል። ከኋላ ቀና የሚል የክራሱላ ቅርንጫፍ፣ ከፊት እንደ ጽጌረዳ የተደራረበ አንድ ኤቼቬሪያ፣ ከዳር ደግሞ እንደ ተጎነጎነ ሹሩባ ቁልቁል የሚወርድ ሴደም አድርግ። በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተውና በታጠበ ቀይ አሽ ሸፍነው። ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ መሙላት ይቃጣዋል፤ አንተ ግን ተወው፤ ነፋስ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ኤቼቬሪያውን ስትይዝ ከሥሩ ያዘው እንጂ ቅጠሉን አትንካው። ቅጠሉ ላይ የምታየው ነጭ ዱቄት አቧራ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ከፀሐይ ለመከላከል ያወጣው ሰም ነው። አንዴ በጣትህ ከተጠረገ በዚያው ቅጠል ላይ ተመልሶ አይሞላም፤ የጣትህ አሻራ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ እዚያው ይታያል። እኔ ዘንድ ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ የነካችው አንድ ኤቼቬሪያ አለ፤ የአውራ ጣቷ ቅርጽ ዛሬም ሦስተኛው ቅጠል ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

ቁልቋሉንና ቅንጭቡን ግን ከጠረጴዛው አርቅ። ብዙ ሰው ቁልቋልን ካክተስ ይለዋል። ከአንዲት ዝርያ በቀር ካክተስ ሁሉ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው፤ በለስም ከዚያው የመጣ ነው። የአጥራችን ቁልቋልና ቅንጭብ ኢዮፎርቢያ ከሚባለው ወገን ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈስሳሉ። ያ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ አደጋው ከባድ ነው። በሠርግ ላይ ሕፃን ይበዛል፣ የሕፃን እጅ ደግሞ አያርፍም። አንተም ከዚህ በኋላ ስትቆርጥ ጓንት አድርግ። ድንገት ዓይን ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እያጠቡ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ሌላ ምንም ነገር አይጨመርበት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ደጅ ያደሩ ሳኩለንቶቼ ጠዋት እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነው አገኘኋቸው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውርጭ ነው የመታቸው። በቅጠሉ ውስጥ የተቋጠረው ውሃ ሲረጋ ሥጋውን ከውስጥ ይቀድደዋል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ውሃ ይቀንሱ፤ ደረቅ አፈር ላይ ያለ ተክል ብርድን ይበልጥ ይችላል። ማታ ማታ ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ከዋለ ግድግዳ አጠገብ፣ በጣሪያ ክፈፍ ሥር ያሳድሯቸው፤ ጥርት ያለ ሰማይ ባለበት ሌሊት አሮጌ ነጠላ ይደርቡባቸው፤ ጠዋት ያንሡላቸው። ከሜክሲኮ የመጡትን ከመንከባከብ ጎን የአገርዎን እሬትም ይትከሉ። በከተማችሁ ስም የተሰየመ «አሎ ደብራና» የሚባል የእሬት ዝርያ አለ፤ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ በደጋ ሣር መካከል ይበቅላል፤ አበባው ደማቅ ቀይ ነው። ከችግኝ ጣቢያ የተባዛውን ይግዙ፤ ከሜዳ አይንቀሉ።

ጥያቄ፦ በክረምት ቤት ውስጥ የማሳድራቸው ሳኩለንቶች አንገታቸው እየረዘመ፣ ቅጠላቸው እየተራራቀ ተቸገርሁ። ደግሞም ለገና አገር ቤት ስለምሄድ ከእናቴ ጓሮ እሬት ነቅዬ በሻንጣ ላመጣ አስቤአለሁ፤ ይቻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አንገታቸው የሚረዝመው ብርሃን ፍለጋ ነው። የእናንተ የታኅሣሥ ቀን አጭር ነው፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ ያስጠጓቸው፤ ከሌለዎት ለተክል የሚሠራውን መብራት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያብሩላቸው። የረዘመው ግንድ ተመልሶ አያጥርም። መጋቢት ላይ ራሱን ቆርጠው አድርቀው እንደገና ይትከሉት፤ ጉቶውንም አይጣሉት፣ ከጎኑ ሌላ ያወጣል። ግንቦት ላይ ወደ ውጭ ሲያወጧቸው በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ አይስጧቸው። ሁለት ሳምንት ጥቂት በጥቂት ያልምዷቸው፤ በፀሐይ የተቃጠለ ቅጠል ጠባሳው አይለቅም።

ስለ እሬቱ፣ ስሜትዎ ይገባኛል፤ እባክዎ ግን አይሞክሩት። በብዛት የሚታወቀው አሎ ቬራ ሲቀር፣ የእሬት ዝርያዎች ሁሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው። ስምምነቱ በ1973 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ከእርስዎ ብዙም በማይርቀው በዋሽንግተን ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት በሻንጣ የገባ ተክል ጉምሩክ ላይ ይወረሳል፤ ቅጣትም ያስከትላል። ከእናትዎ ደጅ የተሰነጠቀ ጀበና ይዘው ይሂዱ፤ ተክሉን እዚያው ይግዙና በእሱ ይትከሉት። ከሐዋሳም እንዲህ ያደረገች አንዲት አንባቢ ለልጇ ልካላት፣ ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፤ የሸክላው ጥቁረት ከቅጠሉ አረንጓዴ ጋር እጅግ ያምራል።

ጥያቄ፦ እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከእማዬ ኤቼቬሪያ ላይ አንድ ቅጠል በስሕተት ነቀልሁ። ልተክለው እችላለሁ? እማዬ እንዳታዝን ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የእኔ ልጅ፣ ትችያለሽ። መጀመሪያ የቅጠሉን ታች እዪው። ከግንዱ ጋር የነበረው ጫፍ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ይበቅላል፤ ከመሐል ከተቆረጠ ግን አይበቅልም። እሬት በዚህ መንገድ እንቢ ይላል፤ እሱን የምናባዛው ከእናቲቱ ሥር በሚወጡት ግልገሎች ነው። ኤቼቬሪያ ግን ደግ ነው።

ቅጠሉን በወረቀት ላይ አድርገሽ ፀሐይ በማይነካው ቦታ አራት ቀን አቆዪው። ከዚያ በደረቅ አፈር ላይ አስተኚው፤ አትቅበሪው። ሥር እስኪያወጣ ውሃ አትስጪው። ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ላታዪ ትችያለሽ፤ እያነሣሽ አትመልከቺው። አንድ ጠዋት ከጫፉ እንደ ክር የቀጠኑ ሐምራዊ ሥሮች ወጥተው ታያለሽ። ያን ጊዜ ሥሮቹን በስሱ አፈር አልብሰሽ፣ በሳምንት አንዴ በማንኪያ ጫፍ ውሃ ጠብ አድርጊላቸው። ከዚያ ከምስር የማትበልጥ ጽጌረዳ ትወጣለች። የድሮው ቅጠል እየተጨማደደ የሚሄደው ያለውን ውሃ ለእሷ እየሰጠ ስለ ሆነ አትንቀዪው፤ ደርቆ በራሱ ሲለቅ ታነሺዋለሽ።

ለእማዬም ዛሬውኑ ንገሪያት። አዲሷ ተክል በሲኒ ልክ ስትሆን ደግሞ ጻፊልኝ፤ የሚሆናትን ዕቃ አብረን እንመርጣለን።